ርብራቡን ማን አየው?

ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ እስከ ብረት ቱቦ፦ የግንባታ መወጣጫ ደኅንነት ሲዳሰስ

በአዲስ አበባ ከመገናኛ ተነስቶ በላምበረት በኩል ወደ ኮተቤና ካራ፣ ወይም ከቀበና በፈረንሳይ ለጋሲዮን አድርጎ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ግርጌ የሚሄድ ሰው በየመንገዱ ዳር አጣና የለበሰ ሕንፃ ሳያይ አያልፍም። ለሕንፃው አርክቴክቱ ፈርሞለታል፣ የስትራክቸር መሐንዲሱ አስልቶለታል፣ ክፍለ ከተማው ፈቃድ ሰጥቶታል። ሕንፃውን ዙሪያውን የያዘው እንጨት ግን አብዛኛውን ጊዜ ንድፍ የለውም፣ ፈራሚም የለውም። አናጺው በልምዱ ያቆመዋል፣ ለሳኙ በእምነት ይወጣበታል፣ ሥራው ሲያልቅ ፈርሶ ወደ ሌላ ሳይት ይጫናል ወይም ለማገዶ ይሸጣል።

ስለ ግንባታ መወጣጫ (ርብራብ) ክርክር ሲነሳ ቶሎ የሚመጣው ጥያቄ «እንጨት ይሻላል ወይስ ብረት?» የሚለው ነው። ጉዳዩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ዛሬ ጠዋት ሰው ከመውጣቱ በፊት ርብራቡን ያየው ማን ነው? ያየውስ ሰው «አትውጡ» ለማለት ሥልጣን አለው?

ከተራራው ወደ ግድግዳው

የአዲስ አበባ መወጣጫ ታሪክ ከእንጦጦ ይጀምራል። ዳግማዊ ምኒልክ ከተማቸውን በተራራው ላይ ካደረጉ በኋላ የአካባቢው ጥድና ወይራ ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቆረጠ ተመናመነ። በ1887 ዓ.ም. አካባቢ ወደ አገር የገባው የአውስትራሊያው ባሕር ዛፍ ለዚህ ችግር መልስ ሆነ። ቶሎ ያድጋል፣ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ከተማዋ ማገዶዋን፣ አጥሯንና የጭቃ ቤቷን ቋሚና ማገር ከእሱ አገኘች። ፎቅ መገንባት ሲጀመርም መወጣጫው ከዚያው ዛፍ አጣና ተሠራ።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የተራራው አንድ ክፍል የእንጦጦ ፓርክ ሆኗል፤ በየካ ክፍለ ከተማ በኩል ባለው ተራራ ላይም የጫካ ፕሮጀክት የተባለው ግንባታ ይካሄዳል። የአጣናው ገበያ ግን አልቆመም። በመርካቶው አጣና ተራ እና በየሰፈሩ የእንጨት መሸጫ ዛሬም ተደርድሮ ይታያል።

አጣና የተናቀ ዕቃ ቢመስልም ለሥራው የማይመች አይደለም። ድቡልቡል እንጨት ከተሰነጠቀ ጣውላ የሚሻልበት ነገር አለው፦ ጭረቱ በመጋዝ ስላልተቆረጠ ቅርንጫፍ የነበረበትን ቦታ ዞሮ ሳይበጠስ ይቀጥላል። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ቦታው ላይ ተለክቶ ይቆረጣል፣ ወጣ ገባ የሆነውን ግድግዳ ሁሉ ተከትሎ ይሄዳል። ችግሩ ሁለት አጣና አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ከፋብሪካ የወጣ ቱቦ ውፍረቱ ይታወቃል፤ አጣና ግን ግርጌው ወፍራም ጫፉ ቀጭን፣ አንዱ የደረቀ አንዱ እርጥብ ነው። ስለዚህ እንጨት ከብረት ያነሰ ሳይሆን የበለጠ ፍተሻ ይፈልጋል።

እንዴት ይወድቃል?

ቀጥ ብሎ የቆመ ምሰሶ ከላይ ሲጫኑት ብዙ ጊዜ ተፈጭቶ አይሰበርም፤ መሐሉ ጎብጦ ይወጣል። በዚህ ላይ ምሕንድስና የሚያውቀው ሕግ ጨካኝ ነው። ምሰሶው በአግድም እንጨት ሳይያዝ የሚሄድበት ርዝመት እጥፍ ሲሆን የመሸከም አቅሙ ወደ ሩብ ይወርዳል። በየ2 ሜትሩ ተይዞ የነበረ አጣና መካከለኛው ማያያዣ ቢነሳበትና ነፃ ርዝመቱ 4 ሜትር ቢሆን፣ ትናንት የቻለውን ጭነት ሩቡን ብቻ ነው የሚችለው።

ውፍረቱ ከርዝመቱም ይበልጥ ይፈርዳል። የምሰሶው ዲያሜትር ከ10 ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ቢቀንስ ለዓይን ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ለመጉበጥ ያለው ጥንካሬ ግን ወደ 41 በመቶ ይወርዳል። «ይሄም ያው ነው» ተብሎ ከክምሩ የተመዘዘ ቀጭን አጣና ከጎኑ ካለው ወፍራም እኩል ሲጫን የሚሆነው ይህ ነው።

ሁለተኛው የአደጋ በር መጋጠሚያው ነው። ባሕር ዛፍ እርጥብ እያለ ተመትቶ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃልም። በእርጥቡ ጊዜ ጠብቆ የነበረ ምስማር ይላላል፣ ተጠምዝዞ የታሰረ ሽቦም ይፈታል። ሚያዝያ ላይ የቆመ ርብራብ ነሐሴ ላይ ያው ርብራብ አይደለም። ደግሞ ያገለገለ አጣና በየሳይቱ ስለሚዞር ጫፉ በቆዩ የምስማር ቀዳዳዎች የተበሳሳ ይሆናል፤ አዲስ ምስማር በዚያው ሲመታ የሚይዘው ነገር ያጣል።

ሦስተኛው መሬቱ ነው፤ በየካ ደግሞ ይህ ነገር የራሱ መልክ አለው። ከፈረንሳይ እስከ ጉራራና ካራ ባለው ተዳፋት ላይ የሚሠራ ሕንፃ በላይኛው በኩል ሦስት ፎቅ ሲሆን በታችኛው በኩል አምስት ሊሆን ይችላል። የመሠረቱ አፈር ብዙ ጊዜ ወደ ቁልቁለቱ ተደፍቶ ይቀራል፤ ረጅሙና ከባዱ ርብራብ የሚቆመው ታዲያ በዚያ ባልተጠቀጠቀ ድፍ አፈር ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ አፈሩን ያለሰልሰዋል ወይም ይዞት ይሄዳል። አጣናው ከሥሩ ሰፊ ጣውላ ካልተነጠፈለት አንዱ እግር ይሰምጣል፣ ጭነቱም ወደ ጎረቤቱ ይዞራል።

አራተኛው ጭነቱ ራሱ ነው። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ግራም ነው። አራት ከረጢት አንድ ቦታ ሲከመር 200 ኪሎ ግራም፣ ማለትም የሦስት ሰዎች ያህል ክብደት ነው። በዚያ ላይ ብሎኬቱ፣ ባሬላው፣ ሙርታሩ፣ ውኃው እና ሠራተኞቹ አሉ። «ደጋግመን እንዳንመላለስ» ተብሎ የግማሽ ቀን ዕቃ በአንድ ጊዜ ሲወጣ ርብራቡ ሠራተኛ መሸከሙ ይቀርና መጋዘን ይሆናል።

አረርቲ፣ መስከረም 21

በቅርብ ጊዜ በአገሪቱ ከደረሱት የርብራብ አደጋዎች እጅግ የከፋው የደረሰው በፎቅ ሳይት ላይ አልነበረም። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት፣ በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ በምንጃር ሸንኮራ ወረዳ፣ የማርያም ዓመታዊ ክብረ በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ ግንባታው ባላለቀው የአረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የነበረው የእንጨት ርብራብ ተደረመሰ። ቢያንስ 36 ሰዎች ሞቱ፤ የተጎዱትም ከ200 በላይ እንደሆኑ ተዘገበ። አረርቲ ከአዲስ አበባ በምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች።

በዕለቱ የሞቱት ለበዓል የመጡ ምእመናን እንጂ የቀን ሠራተኞች አልነበሩም። ይህም ስለ ፍተሻ የሚታሰበውን ያሰፋዋል። ለሥዕል ወይም ለልስን የሚቆም ርብራብ ጥቂት ሰዎችና ጥቂት ዕቃ እንዲሸከም ታስቦ ይሠራል። ሕዝብ ሲወጣበት ጥያቄው እንጨቱ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ከሚለው ያልፋል። አንድ ርብራብ የተፈተሸ የሚባለው ምን ያህል እንደሚሸከም፣ ማን ሊወጣበት እንደሚፈቀድለት እና ሥራ በሌለበት ቀን መግቢያው በምን እንደሚዘጋ ሲታወቅ ጭምር ነው። በመላ አገሪቱ በሕዝብ መዋጮ ለዓመታት የሚገነቡ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ብዙ ናቸው። ገንዘብ ሲገኝ ይሠራል፣ ሲያልቅ ይቆማል፤ ርብራቡ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀበት ቆሞ ይጠብቃል። በየካም አምልኮ በአንድ በኩል፣ ግንባታ በሌላ በኩል በአንድ ግቢ የሚካሄድበት ጊዜ አለ።

ፍተሻው ምን ያያል?

ፍተሻ የሚጀምረው ከእግር ነው። እያንዳንዱ ምሰሶ በጠንካራ ነገር ላይ ቆሟል? በድንጋይ ቁራጭ ወይም በተሰበረ ብሎኬት ተደግፎ ከሆነ ያ ድጋፍ ሳይሆን የአደጋ መነሻ ነው። ውኃ የሚሄድበት መንገድ በአጠገቡ አለ? ትናንት ማታ ዘንቦ ከሆነ የሚታየው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

ቀጥሎ ዓይን ወደ ማያያዣው ይሄዳል። አግድሞቹ ሁሉ አሉ? ሰያፎቹስ? ርብራብ ወደ ጎን እንዳይተጣጠፍ የሚያደርጉት በሰያፍ የሚመቱት እንጨቶች ናቸው፤ ባሬላ የያዘ ሰው መንገድ ሲዘጉበት ቀድመው የሚነቀሉትም እነሱው ናቸው። ለሳኙ ለማለፍ ይነቅላቸዋል፣ ቀለም ቀቢው ተነቅለው ያገኛቸዋል፣ ማንም አይመልሳቸውም። ከዚያ ርብራቡ ከሕንፃው ጋር የታሰረበት ቦታ ይታያል። ረጅምና ቀጭን ርብራብ ያለ ሕንፃው ድጋፍ ብቻውን መቆም አይችልም። በአሜሪካ ደንብ ቁመቱ ከመቆሚያው ስፋት ከአራት እጥፍ ካለፈ እንዳይገለበጥ መታሰር ወይም መደገፍ አለበት።

ከዚያ መርገጫው ይታያል። ጣውላዎቹ ተጠጋግተዋል? ጫፋቸው ተመትቷል ወይስ አንዱን ጫፍ ሲረግጡት ሌላው ይነሳል? በውጭ በኩል ወገብ ላይ የሚደርስ መከለያ አለ? መዶሻና ብሎኬት ወደ እግረኛ እንዳይንከባለል ከጣውላው ዳር ዝቅተኛ መግቻ ተመትቷል? በመጨረሻም ዙሪያው ይታያል፤ በተለይ የኤሌክትሪክ ሽቦ። በጠባብ የየካ መንገዶች ላይ የመብራት መስመር ከሕንፃው ፊት ብዙም አይርቅም፤ እርጥብ እንጨትና የብረት ፌሮ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው መወጣጫ መንገዱ ነው። በአዲስ አበባ ሳይቶች ሙርታርና ውኃ ከሚያመላልሱት የቀን ሠራተኞች መካከል ሴቶች ብዙ ናቸው። ለሳኙ አንዴ ወጥቶ ሰዓታት ይቆያል፤ እነሱ ግን በቀን ደጋግመው፣ ሁለት እጃቸው ተይዞ፣ በዘንባላው ጣውላ ላይ ይመላለሳሉ። እግር የሚይዙት ቁርጥራጭ እንጨቶች ከወለቁ፣ ወይም ጣውላው በፈሰሰ ሙርታር ከተንሸራተተ፣ ቀድመው የሚወድቁት እነሱ ናቸው። ርብራቡን ብቻ አይቶ መውጫውን ያላየ ፍተሻ ግማሽ ፍተሻ ነው።

ይህ ሁሉ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ሜትር፣ መዶሻ፣ ወረቀትና የሚያውቅ ዓይን ይበቃል። መካከለኛ ሕንፃ ዙሪያውን ለማየት የሚወስደው ጊዜ ሠራተኛው ልብሱን ቀይሮ ቁርሱን ከሚጨርስበት ብዙም አይበልጥም።

ሕጉ ምን ይላል?

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ፣ ስለሚያጋጥመው አደጋ የማሳወቅ፣ መከላከያ መሣሪያ የማቅረብና የደኅንነት ሠራተኛ የመመደብ ግዴታ አለበት ይላል። ሠራተኛው በሥራው ላይ ሲጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ተጠያቂ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ («ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ») ከፍሎ የሕንፃ ሹም የሚባል ኃላፊ አቆመ፤ ግንባታ ሲካሄድ በሰውና በንብረት ላይ ጉዳት እንዳይደርስ ጥንቃቄ እንዲደረግም አዘዘ። በዚያ አዋጅ ቁመቱ ከ12 ሜትር በላይ የሆነ ሕንፃና የሕዝብ መገልገያ በ«ሐ» ምድብ፣ ማለትም ጥብቅ ክትትል በሚጠይቀው ውስጥ ተመደቡ።

በዓለም አቀፍ ደረጃም ኢትዮጵያ የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155ን እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃለች። ስምምነቱ ለሕይወቱ አስጊ ነው ብሎ በበቂ ምክንያት ከሥራው ቦታ የራቀ ሠራተኛ እንዳይቀጣ ይጠብቀዋል። በወረቀት ላይ እንግዲህ የሚወዛወዝ ርብራብ ላይ አልወጣም ያለ ለሳኝ መብት አለው። በተግባር ግን ጠዋት በር ላይ ተመርጦ የገባ፣ የጽሑፍ ውል የሌለው የቀን ሠራተኛ «አልወጣም» ቢል በቦታው የሚተካው ሰው በሩ ላይ ቆሟል።

ዋናው ክፍተት ያለው በሁለት ቢሮዎች መካከል ነው። የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሙያው የሚያየው ሕንፃውን ነው፦ ከንድፉ ጋር ይስማማል? ፌሮው በልኩ ነው? ከወሰን አልፏል? የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው የሚያየው ሠራተኛውን ነው፦ ደመወዝ፣ ሰዓት፣ ሄልሜት። ርብራቡ ከሁለቱም መሐል ይወድቃል። ለአንዱ የሕንፃው አካል አይደለም፤ ለሌላው ምሕንድስና የሚጠይቅ ነገር ነው። አደጋ ሲደርስ ግን መጀመሪያ የሚጠራው ሦስተኛው መሥሪያ ቤት፣ በ939 የሚደወልለት የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ነው።

ጉዳቱ የጥቂቶች ዕድል እንዳልሆነ ጥናት ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2013 በጎንደር ከተማ የሕንፃ ግንባታ ሠራተኞች ላይ በታተመ ጥናት ከሦስት ሠራተኞች ከአንድ በላይ የሚሆኑት በሥራ ላይ ተጎድተው ተገኝተዋል።

ሌሎች በምን ዋጋ ተማሩ?

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 27 ቀን 1978 በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ዊሎው አይላንድ በተባለ ቦታ፣ የኃይል ማመንጫ ማቀዝቀዣ ማማ ሲሠራ መወጣጫው ከነሠራተኞቹ ወደቀ። 51 ሰዎች ሞቱ። መወጣጫው የብረት ነበር፣ በምሕንድስና የተነደፈም ነበር። የተንጠለጠለው ግን በቀዳሚው ቀን በፈሰሰ፣ በቅጡ ባልጠነከረ አርማታ ላይ ነበር። ብረት መሆኑ አላዳናቸውም፤ «አርማታው ደርሷል?» ብሎ ለክቶ ሥራውን የሚያስቆም ሰው አልነበረም። በአዲስ አበባ ሶሌታ (የወለል አርማታ) ከተሞላ በኋላ ከሥሩ ያለውን ድጋፍ ቶሎ ነቅሎ ለሚቀጥለው ፎቅ ለማዋል ለሚቸኩል ኮንትራክተር ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም።

ዛሬ የአሜሪካ ደንብ ርብራብ ከእያንዳንዱ የሥራ ፈረቃ በፊት ብቃት ባለው ሰው እንዲታይ ያዝዛል፤ ለሚታሰበው ከፍተኛ ጭነት አራት እጥፍ የሚችል መሆንም አለበት። ሠራተኞችና ዕቃ በአንድ ላይ 300 ኪሎ ግራም ከሆኑ ርብራቡ 1,200 ይሸከም ማለት ነው። በብሪታንያ ደግሞ ሰው 2 ሜትርና ከዚያ በላይ ሊወድቅበት የሚችል መርገጫ ካለፉት 7 ቀናት ወዲህ ካልተፈተሸ አይወጣበትም። ወጀብ ወይም ሌላ የሚያናጋ ነገር ከደረሰ ሰባቱ ቀን ሳይሞላም እንደገና ይታያል።

ሆንግ ኮንግ ለአዲስ አበባ ይበልጥ የምትቀርብ ምሳሌ ናት፤ ሰማይ ጠቀስ ፎቆቿን ለዘመናት የገነባችው ከቀርከሃ በታሰረ ርብራብ ነውና። ቀርከሃው ግን በዘፈቀደ አልቆመም፤ የሚያስሩት ሠልጥነው የተመዘገቡ ባለሙያዎች ናቸው። በኅዳር 2018 ዓ.ም. በታይ ፖ በሚገኘው ዋንግ ፉክ ኮርት የመኖሪያ ሕንፃዎች ላይ የተነሳው እሳት ከ150 በላይ ሰዎች ሲገድል ሁሉም መጀመሪያ የጠቆመው ወደ ቀርከሃው ነበር። ምርመራው ግን ሕንፃውን ወደ ሸፈነው መረብና መስኮቶቹ ወደተዘጉበት ፎም አመለከተ። በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ፊታቸው ለሚታደስ ሕንፃዎች ከዚህ የሚወሰድ ነገር አለ፦ ፍተሻው ምሰሶውን ብቻ ሳይሆን በምሰሶው ላይ የተዘረጋውንም ሁሉ ያያል።

ብረቱስ?

የብረት ርብራብ በትልልቅ ሳይቶች እየበዛ ነው፤ ጥሩም ነው። መጋጠሚያው የታወቀ ነው፣ አይበሰብስም፣ ተነቅሎ ለዓመታት ያገለግላል። ግን የራሱ ሕመም አለው። የዛገ ቱቦ ከውጭ ተቀብቶ ከውስጥ ሊሳሳ ይችላል። የጎበጠ ፍሬም ተመትቶ ይቃናል፤ ቀጥ ብሎ ቢታይም አቅሙ እንደ መጀመሪያው አይደለም። መቆለፊያ ፒኑ ሲጠፋ በፌሮ ቁራጭ ወይም በሽቦ ይተካል። ከሁሉ የሚከፋው ግማሹ ብረት ግማሹ አጣና ሆኖ የሚቆመው ነው። ብረቱ ላይ ባለ እምነት ይወጣበታል፣ ጥንካሬው ግን የደካማው እንጨት ያህል ነው።

በዚያ ላይ በካራ ወይም በጉራራ ባለ ሁለት ፎቅ መኖሪያ ቤቱን ቀስ በቀስ የሚሠራ ሰው ብረት ለወራት መከራየት አይችልም። እንጨት ከነገ ጀምሮ ይከልከል ቢባል ውጤቱ ብረት ሳይሆን በርሜል ላይ የተጋደመ ጣውላ ሊሆን ይችላል። ባሕር ዛፉ ገና ለብዙ ዓመት እዚህ ነው፤ የሚያዋጣው የሚፈተሽበትን መንገድ ማበጀት ነው።

ከፋዩ ማን ነው?

ነገሩን ወደ ታች ቢከተሉት ገንዘብ ላይ ያርፋል። በአብዛኛው የሥራ ዝርዝር ውስጥ ርብራብ ራሱን የቻለ የክፍያ መስመር የለውም፤ በልስኑና በግንቡ የካሬ ሜትር ዋጋ ውስጥ ተጠቃልሎ ይገባል። ስለዚህ በጨረታ ዝቅ ያለ ዋጋ ለማቅረብ የሚፈልግ ኮንትራክተር የሚቀንሰው ማንም ከማይለካው ነው፤ አርማታ ቢቀንስ ይታወቅበታል፣ አጣና ቢያሳሳ አይታወቅበትም። ሥራው ወደ ሰብ ኮንትራክተር፣ ከዚያም ወደ ለሳኝ ቡድን ሲወርድ ርብራቡ የማን እንደሆነ ራሱ ይጠፋል። ያቆመው አናጺ ሄዷል፣ የሚጠቀምበት ለሳኝ አላቆመውም፣ ፎርማኑ ለሁለቱም አልፈረመም።

ለዚህ የሚሆን መላ በየካ ክፍለ ከተማ ደረጃ እንኳ ሊሞከር ይችላል። ከ«ለ» ምድብ ጀምሮ ላሉ ሕንፃዎች የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ የርብራብ ኃላፊ የሚሆን አንድ ሰው በስሙ ይመዝገብ፤ ፎርማኑም ሊሆን ይችላል። በመንግሥት ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ ርብራብ የራሱ የክፍያ መስመር ይኑረው፤ አማካሪ መሐንዲሱም የሳምንቱን ፍተሻ መዝገብ ሳያይ ክፍያውን አይፈርም። ከዝናብ በኋላ፣ ከሦስት ቀን በላይ ሥራ ከቆመ በኋላ እና ርብራቡ ወደ አዲስ ቡድን ሲተላለፍ እንደገና ይታይ። መውጫው ላይ ማንበብ የማይችለውም የሚረዳው አረንጓዴ ወይም ቀይ ሰሌዳ ይሰቀል፤ ቀይ ሲሆን መሰላሉ ይነሳ። ለአምልኮ ቦታዎች ደግሞ የግንባታ ኮሚቴው ከበዓል ዋዜማ በፊት ርብራቡን አጥሮ የሚዘጋና የሚጠብቅ ሰው ይመድብ።

ከእነዚህ ውስጥ አዲስ አዋጅ የሚጠይቅ የለም። ለመንግሥት ሥራ የውል ሰነዱን የሚያዘጋጀው አሠሪ መሥሪያ ቤት፣ ለግል ሕንፃ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍለ ከተማ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ የራሱ ኮሚቴ በእጁ ባለው ሥልጣን ሊጀምራቸው ይችላል። ከሁሉ የሚከብደው ቀይ ሰሌዳ የሰቀለው ፎርማን ሥራ ለግማሽ ቀን ሲቆም የቀን ሠራተኛውን ውሎ ማን ይከፍላል የሚለው ነው። ይህ በውሉ ካልተጻፈ ሰሌዳው በማግሥቱ ወደ አረንጓዴ መዞሩ አይቀርም።